ሚካኤልን የሚያከብር ኮከብ

ቡራዩ ውስጥ ከምንኖርበት ግቢ ወጥቶ ባጃጅ እስከሚያዝበት ድረስ ባለው መንገድ ላይ አንድ ብየዳ ቤት አለ። ባለፈው ሰሞን መድኃኒት ልገዛ ስወርድ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያቆመኝ የጋለ ብረትና የተቃጠለ ኤሌክትሮድ ሽታ ነው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ትኩስ ዳቦ እንዳገኘ ሰው ሳብ አድርጌ አሸተትኩት። ባለቤቱ መከለያውን ከፊቱ ከፍ አድርጎ፣ «እማማ፣ እሳቱን አይዩት፣ ዓይንዎን ያምዎታል» አለኝ። «ልጄ፣ እኔ ይህን እሳት ያየሁት አባትህ ሳያገባ ነው» አልኩት። ሳቀ። ምን ማለቴ እንደሆነ ግን ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ሽታ ምክንያት ከሥራ ተባርሬያለሁ፤ በዚሁ ሽታ ምክንያት ተመልሻለሁ፤ በመካከሉም አንድ የተማረ ሰው ያገኘውን ኮከብ ከእጁ ላይ ወስጄበታለሁ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ሽታው ብቻ አይደለም፤ የልጅ ልጄ ሳባም ናት። ሳባ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታጠናለች። ከጓደኞቿ ጋር ሆና፣ ውጭ አገር ያሉ ትልልቅ የሬዲዮ መስሚያዎች ከሰማይ የቀዱትን በኢንተርኔት እያወረደች፣ ከሌላ ዓለም የሚያስብ ፍጡር የላከው ነገር ይኖርበት እንደሆነ ትፈትሻለች። እሁድ ምሳ ላይ፣ «እስካሁን ምን አገኛችሁ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ቆሻሻ ነው እማማ» አለችኝ እየጎረሰች። «አብዛኛው የራሳችን የሰዎች ጫጫታ ነው። ሞባይል፣ ሳተላይት፣ የመኪና ሞተር። ኮምፒውተሩ ለይቶ ይጥለዋል።»

«ማን እንደላከው ሳታዩ?»

«ማንስ ቢሆን ምን ያደርግልናል? ከምድር ከሆነ ከምድር ነው። እንጥለዋለን።»

ይህ «እንጥለዋለን» የሚለው ቃል ምሳዬን አስተወኝ። ሳህኔን ገፋ አድርጌ፣ «እኔ የማውቀው ጫጫታ ባለቤት ነበረው፤ ስምም ነበረው። ቁጭ በይ» አልኳት። ያን ቀን ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የማሰፍረው።

የተወለድኩት ሰበታ ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱም ቢሆን ካገባሁ በኋላ ልጅ አዝዬ የተማርኩት። ባለቤቴ የሳር መኪና ሹፌር ስለነበር ሳሩ ወዳለበት ወደ ሱሉልታ ሄድን። ዘመኑን በቁጥር አልጠራውም፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በካርድ የምናወጣበት፣ አንድ ዳቦ በዐሥር ሳንቲም የሚገዛበት፣ አንድ ብር ይዞ አዲሱ ገበያ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ ነበር። ሴቱ የቴትሮን ቀሚስ ከኮንጎ ጫማ ጋር ይለብሳል፤ ወንዱ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሶ ለአፍሮው ማበጠሪያ ከኋላ ኪሱ ላይ ይሰካል። ሱሉልታ ያኔ ከተማ ነች ለማለት ይከብዳል። መንገድ ዳር የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከቤቶቹ በስተጀርባ የሳር ክምር፣ ከክምሩ ወዲያ ከብት ነበር። አውቶቡስ መቆሚያው ጥግ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ያለው አንድ ካሴት ብቻ ስለነበር ከመደጋገሙ የተነሳ ክሩ ላልቶ፣ ዘፋኙ ከዓመት ዓመት ከእኛ ጋር አብሮ የሚያረጅ ይመስል ነበር። አሁን እዚያ ጥግ ላይ አራት ፎቅ ቆሞ የስልክ ቀፎ ይሸጥበታል። ባለፈው ዓመት ለልቅሶ ሄጄ ሻይ ቤቱ የነበረበትን ቦታ በእግሬ ለክቼ ነው ያገኘሁት።

እኔ የተቀጠርኩት ለጽዳትና ለሻይ ነው። ከመንገዱ የሚታየውን ትልቁን የአንቴና ሳህን አይደለም የምላችሁ፤ ከከተማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከአንዲት ጉብታ ሥር፣ ፈረንጆች ለጥናት አቁመውት የሄዱት አነስተኛ የሬዲዮ መስሚያ ጣቢያ ነበር። ዛሬ ቦታው እንኳ አይታወቅም። የካኪ ጋውን ሰጡኝ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ሻይ አፈላለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ፣ የሳህኑን ሥር ከሳር አጸዳለሁ። ሳህኑ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይውል ስለነበር፣ ኑረዲን የሚባል ወጣት ኢንጂነር ከኃላፊያችን ከአቶ ተካልኝ አስፈቅዶ ሰማይ ማዳመጥ ጀመረ። ኑረዲን የሱሉልታ ልጅ ነው፤ አባቱ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ውጭ ተምሮ ቢመጣም ኩራት አልነበረበትም፤ ብርጭቆውን ራሱ ያጥባል። እኔም የጠየቅኩትን ሁሉ ይነግረኛል።

«እዚያ ላይ ሰው አለ ነው የምትለኝ?»

«አላውቅም እትዬ አስካለ። ለማወቅ ነው የማዳምጠው።»

«በምን ቋንቋ ሊያናግርህ ነው?»

«በቁጥር። የሚያስብ ፍጡር የትም ይሁን የት፣ አንድ ሁለት ሦስት ማለት አያቅተውም።»

«ገበያ የሚወጣ ሁሉ ማለት ነዋ።»

«አባቴም እንደዚሁ ነው ያሉኝ» ብሎ ሳቀ።

ሳህኑ አይዞርም፤ ሰማዩ ነው በላዩ ላይ የሚያልፈው። ኮከብ በቀንም እንደሚሰማ፣ የማናየው ፀሐይ ስለሚጋርደን ብቻ እንደሆነ ያስረዳኝ እሱ ነው። አንድ ሌላ ነገርም አስተምሮኛል፦ አንድ ኮከብ ዛሬ ካለፈበት ሰዓት ነገ አራት ደቂቃ ቀድሞ ያልፋል፤ ከነገ ወዲያም ሌላ አራት ደቂቃ። የሰው ሥራ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ይህን ትምህርት የሰጠኝ ራሱ ነው፤ ኋላ እሱኑ መልሼ የጠየቅኩትም ይህንኑ ነው። የሚሰማውን ነገር የምትጽፈው ቀጭን ብዕር ነበረች፤ እየተጠቀለለ በሚያልፍ ወረቀት ላይ ቀስ እያለች መስመር ታሰምራለች፣ አንድ ነገር ስትሰማ ወደ ላይ ትዘላለች። ወረቀት ውድ ስለነበር እሁድ እሁድ ይዘጉታል።

ኅዳር እንደባተ ብዕሯ መዝለል ጀመረች። ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም። እንደገና ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ኑረዲን ወረቀቱን እንደ ሻሽ እየጎተተ ግቢ ውስጥ ሮጠ። አቶ ተካልኝ ለሁላችንም ለስላሳ አስመጡ፤ ከሌላ ዓለም ለመጣ መልእክት የጠጣሁት ብርቱካን ለስላሳ ጣዕሙ አሁንም አፌ ላይ አለ። ኑረዲን ውጭ ላሉት መምህሩ ጻፈ። ሌት ተቀን ደብተሩን ይዞ ያሰላ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ብዕሯ ጭራሽ አትዘልም፣ ባዶዎቹ ቀኖች ደግሞ ሥርዓት የላቸውም። «መልእክቱ የሚመጣባት ዓለም አንዳንዴ ከፀሐይዋ ኋላ ትደበቃለች» አለኝ። «ግን ባዶዎቹ ቀኖች እኩል አይራራቁም። ምናልባት ሁለት ፀሐይ ይኖራት ይሆናል።» የአራት ደቂቃውን ነገር ስጠይቀው ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ «የሚጀምርበት ሰዓት ከቀን ቀን ይለያያል፤ ገና እያጣራሁ ነው» አለኝ። ልቡ ፈልጎት ነበር። ልብ የፈለገውን ነገር ማጣራት ይከብዳል።

የመምህሩ መልስ በታኅሣሥ አጋማሽ መጣ። በደስታ ፋንታ አንድ ትእዛዝ ነው ያለበት፦ ከማውራታችሁ በፊት ድምፁ ከራሳችሁ ግቢ አለመውጣቱን አረጋግጡ፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታም በሳህኑ ይሰማል። አቶ ተካልኝ ግቢውን ዞሩና የእኔ ሻይ ክፍል በር ላይ ቆሙ። «ከሰዓት በኋላ እዚህ ግቢ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚለኩስ ማነው?» እኔ ነኝ፣ የስምንት ሰዓት ሻይ። ዓርብ ታኅሣሥ ዐሥራ ስምንት ምድጃዬን ነቅለው ቢሯቸው ውስጥ ቆለፉበት። ቅዳሜ ብዕሯ ዝም አለች። ሰኞም ዝም አለች። ማክሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ተሰጠኝ፦ በቸልተኝነት የጥናት ሥራ ስላሰናከለች ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ተሰናብታለች።

የዚያኑ ዕለት ከምሳ በኋላ ብዕሯ ዘለለች። ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ደብዳቤዬን ይዤ ገባሁ። «ምድጃው እዚሁ እርስዎ ጋ ተቆልፎበታል። ማን ለኮሰው?»

«ሌላ አምጥተሽ ደብቀሻል።»

«የት?»

ቦርሳዬን አስፈተሹ። በዘበኞቹ ፊት የምሳ ዕቃዬን፣ የልጄን ሹራብ፣ ነጠላዬን አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። ምንም አልተገኘም፤ ደብዳቤው ግን አልተቀደደም። እንጀራዬ ብቻ አልነበረም የቆረቆረኝ። ሱሉልታ ትንሽ ናት፤ ምድጃ የምትደብቅ ውሸታም ተብዬ ከወጣሁ ማን በሩን ይከፍትልኛል? ያላደረግኩትን አደረግሽ መባል ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የማልችለው ነገር ነው። ሰበታ እያለን ያልሰበርኩትን እንስራ ሰበርሽ ብላ የገረፈችኝን አክስቴን እስክትሞት ድረስ አስታውሻታለሁ።

በማግሥቱ ኑረዲንን ክፍሉ ውስጥ ያዝኩት። «ትናንት ሲፈትሹኝ ቆመህ አየህ። ዝም አልክ።»

«እትዬ አስካለ፣ ምን ልበል...»

«ምንም አትበል። ደብተሩን አውጣ።»

ግድግዳው ላይ የእኛና የፈረንጁ ቀን ጎን ለጎን የታተመበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። እሱ የሚጽፈው በፈረንጁ ነበር። ብዕሯ ዝም ያለችባቸውን ቀኖች እንዲያነብልኝ ነገርኩትና በጣቴ እየተከተልኩ ወደ እኛው መለስኳቸው።

«ኖቬምበር ሃያ አንድ።»

«ኅዳር ዐሥራ ሁለት። ሚካኤል።»

«ኖቬምበር ሃያ ስምንት።»

«ዐሥራ ዘጠኝ። ገብርኤል።»

«ኖቬምበር ሠላሳ።»

«ሃያ አንድ፣ ማርያም። ቀጥል።»

«ዲሴምበር ስድስት።»

«ሃያ ሰባት፣ መድኃኔ ዓለም።» ከዚያ በኋላ ሳያነብልኝ በፊት እኔ ነበርኩ የምነግረው፦ ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ። ምድጃዬ ተቆልፎበት ዝም አለ የተባለው ቅዳሜ ገብርኤል ነው፤ አቶ ተካልኝ ራሳቸው ያን ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ሰኞው ማርያም ነው።

«ኑረዲን» አልኩት፣ «ያንተ ኮከብ ሚካኤልን ያከብራል።»

ወረቀቱን አየ፣ ግድግዳውን አየ። «ሁለት ፀሐይ...» አለ ቀስ ብሎ።

«ፀሐይ የለውም። ያለው ታቦት ነው። ይህ የኛ ሰው ነው፤ በዓል ይዞ ሥራ የሚያቆም ሰው።»

ይህን እያልኩት ብዕሯ ከአጠገባችን ተነሳች። ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ቀና ብዬ ቀኑን ሳይ ሃያ ሦስት ነው። ጊዮርጊስ። ኅዳር ሃያ ሦስትንም ፈለግን፤ ያን ቀንም ሠርቷል። ያኔ ሰውየውን አወቅኩት። ሱሉልታ ውስጥ እነዚህን በዓላት አክብሮ በጊዮርጊስ ሱቁን የሚከፍት አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ ከጉብታው ወዲያ የሚበይዱት ኦቦ ለሚ። የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ነበሩ፤ የመደገስ ተራቸው ሲደርስ ዘለሏቸው፣ በዚህ ተቀይመው ከማኅበሩ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሃያ ሦስት ሆን ብለው በራቸውን ከፍተው፣ ማኅበርተኛው ሲያልፍ እንዲሰማቸው እያንቋቁ ይሠራሉ። ይህን የማያውቅ ሱሉልቴ አልነበረም። እኔም ስሰማ፣ ተራው ለተነጠቀ ሰው ይህ በቀል ትንሽ ነው ብዬ ነበር።

ሐሙስ ሄድኩ። ያ ሽታ ከሩቅ ተቀበለኝ።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ ለሚ?» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት ዋሉ አልኳቸው።

«ናጋዻ፣ ናጋዻ። ኮቱ፣ ታኢ» ብለው የቱቦላሬ ብረት ቁራጭ ላይ አስቀመጡኝ። ጉዳዬን ስነግራቸው መከለያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እኔ በር ነው የምሠራው፣ ልጄ። ከሰማይ ጋር ምን አገናኘኝ?»

«እስቲ ይሥሩና ልይ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ብርሃኑን በጥላው አየሁት። ሦስት ጊዜ ነካ፣ ነካ፣ ነካ፤ ከዚያ አንድ ረጅም። ወረቀቱ ላይ ያለው ራሱ ነው። «ለምን መጀመሪያ ሦስቴ ነካ ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ነካ ነካ አድርጌ ሳልይዘው ከበየድኩት ላሜራው በሙቀት ይጣመማል። የተጣመመ በር ደግሞ አይዘጋም። ይኼ ዝም ብሎ የሚደረግ ነገር መሰለሽ? ታስቦበት ነው።» ጠዋት ለምን እንደማይሠሩም ነገሩኝ፤ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ መብራቱን ስለሚስበው እሳቱ ይደክማል። ቀጥለው ፊታቸው ተለወጠ። «ሊዘጉኝ ነው እንዴ? እኔ እኮ ያ ሳህን ሳይተከል በፊት ነው እዚህ የተቀመጥኩት።»

እዚህ ላይ ነበር ጭንቁ። ስማቸውን ብናገር እኔ እድናለሁ፤ አቶ ተካልኝ ደግሞ በአንድ ደብዳቤ ምድጃዬን እንደቆለፉት ብየዳ ቤታቸውን ያስቆልፋሉ። የእኔን በደል በእሳቸው ላይ ማስተላለፍ ነው። ዝም ብል ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ጥቂት አሰብኩና፣ «ነገ የትምህርት ቤቱ የከሰዓት ዕረፍት ደወል ሲደወል አምስቴ ነካ ያድርጉልኝ። ረጅም የለም፤ አምስት ብቻ። ትንሽ ቆይተው እንደገና አምስት» አልኳቸው።

«ለምን አምስት?»

«ሦስት ያው ሥራዎ ነው። አምስት ካሉ እኔን እያናገሩኝ ነው።»

«እሺ» አሉ፣ እየሳቁ። «ለሰማይ ሰዎች ሰላም በይልኝ።»

ዓርብ ከደወሉ በፊት አቶ ተካልኝንና ኑረዲንን ብዕሯ ፊት አቆምኳቸው። በእጄ የጻፍኩት ወረቀት ነበረኝ፤ ፊደሌ ባያምርም ይነበባል፦ አስካለ ጥፋት የለባትም፤ ድምፁን የሚያሰማው ሰውም በሥራው አይነካም።

«ይፈርሙ» አልኳቸው።

«ምኑን ነው የምፈርመው? መጀመሪያ ሰውየውን ንገሪኛ።»

«መጀመሪያ ይፈርሙ። ደወሉ ሲደወል ይህች ብዕር አምስቴ ትዘላለች። ካልዘለለች ዛሬውኑ ጋውኔን አውልቄ እሄዳለሁ፣ የወሩን መጨረሻም አልጠብቅም። ከዘለለች ግን ፊርማዎ ይጸናል።»

አቶ ተካልኝ ወደ ኑረዲን ዞሩ። ኑረዲን ዓይኑን ከብዕሯ ሳይነቅል፣ «ይፈርሙ ጋሼ» አለ። ያ ቃሉ ያን ማክሰኞ ዝም ላለበት ካሳ ሆኖልኛል። ፈረሙ። ደወሉ ተደወለ። ብዕሯ መስመሯን እያሰመረች ሄደች፣ ሄደች። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ቆመች። ትንሽ ቆይታ እንደገና አምስት።

አቶ ተካልኝ ጉሮሯቸውን ጠርገው ምድጃውን ሊያመጡ ሄዱ። ኑረዲን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እጁን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ፣ «ለመምህሬ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

«የሆነውን።»

የገዛ እንጀራዬን አስመልሼ የእሱን ሰማይ ባዶ አድርጌበታለሁ። በማግሥቱ ግን እሱው ራሱ ኦቦ ለሚ ዘንድ ሄዶ ሻይ ጠጣ፤ ለአባቱ ሱቅም በር አዘዘ። ማዳመጡንም አልተወም። ወደ ጠዋት አዞረው፤ ከሰዓት በኋላ የሚያዳምጠው ደግሞ ኦቦ ለሚ በማይሠሩበት ቀን ሆነ። በየሳምንቱ ሻይ ክፍሌ በር ላይ ብቅ ይልና፣ «እትዬ አስካለ፣ ነገ ማን ነው?» ይለኛል። «ገብርኤል» ስለው፣ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ እጁን እያሻሸ ይሄዳል። የወረቀቱ ጥቅል እስኪያልቅና ሳህኑ ተፈታቶ እስኪወሰድ ድረስ በቅዱሳኑ ቀን ሁሉ ሰማይን አዳመጠ። ምንም አልሰማም። ሁላችንም ወደየፊናችን ሄድን። ኦቦ ለሚ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለጨርቅ ሱቁ የሠሩት በር ግን ለልቅሶው የሄድኩ ቀን በእጄ ገፋ አድርጌ አይቼዋለሁ፣ እስከ ዛሬ ልክ ገጥሞ ይዘጋል።

አንድ ነገር ብቻ ሳይስተካከል ቀረ። አቶ ተካልኝ ስለ ጉዳዩ የጻፉትን ዘገባ ጠረጴዛቸውን ስወለውል አንብቤዋለሁ፦ «ተጣርቶ ድምፁ የአካባቢ ጫጫታ ሆኖ ተገኝቷል።» አለቀ። ማን እንዳጣራው የለም፤ ማን እንዳሰማውም የለም። ይህች መስመር ስታንገበግበኝ ኖራለች። ለዚህ ነው ሳባ «እንጥለዋለን» ስትል ምሳዬን የተውኩት።

ነግሬያት ስጨርስ ከሳጥኔ ውስጥ ከልጆቼ የልደት ካርድ ሥር ያስቀመጥኩትን ቁራጭ ወረቀት አወጣሁላት። ያን ዓርብ ኑረዲን በመቀስ ቆርጦ የሰጠኝ ነው። ቀለሙ ቢደበዝዝም አምስቱም፣ ደግሞ አምስቱም ይቆጠራሉ። ሳባ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እማማ፣ ለጓደኞቼ ላሳያቸው? እመልስልሻለሁ።»

«የላከው ሰው ስም ካልተጻፈበት ከዚህ ቤት አይወጣም።»

እስክሪብቶ አመጣች። ወረቀቱን ገልብጣ፣ በጀርባው ላይ በዚያ ባማረ ጽሑፏ «ላኪ፦ ኦቦ ለሚ፣ ሱሉልታ» ብላ ጻፈች። እንዳነበው አሳየችኝ። አነበብኩ።

«ከሥሩ ደግሞ ያጣራውን ጻፊ። ኢንጂነር ኑረዲን።»

ጻፈች። ቀና ብላ አየችኝና ሳልነግራት «ተቀባይ፦ አስካለ» ብላ ጨመረች። «ማዕረጉን ምን ልበል?»

«ጽዳትና ሻይ» አልኳት። «አሳምረሽ ጻፊው።»